ሦስት ቀን የቦካ ጭቃ

በእንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፤ ይህን የምለው ወሬዬን ለማሳመር አይደለም። አንደኛ ክፍል የገባሁት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎኝ ወደ ጎን ዞሬ፣ ከሰባት ዓመት ሕፃናት መሀል ተቀምጬ ነው ፊደል የቆጠርኩት፣ እንዲያ ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ የተማረውን በዋዛ አይለቅም። ድምፅ ከተሰማ የሚያሰማው ነገር አለ፣ ምክንያቱ ካልታወቀ ገና በደንብ አልተፈለገም እላለሁ። አሁንም እላለሁ። የማወራችሁ ነገር ከደረሰብኝ በኋላም ያው ነኝ፣ ብቻ ይኼን አንዱን ፈልጌ ፈልጌ ምክንያቱን አጣሁለት።

ደግሞ ከጅምሩ ልናገር፣ ነገሩ የሆነው በእኩለ ሌሊት አይደለም። እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወራ ሰው ሁሉ ሌሊት ያደርገዋል፣ መብራት ያጠፋል፣ ጅብ ያስጮኻል። የእኔ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ምሳ ቀርቦ፣ ወንድሜ ከፊቴ ተቀምጦ።

የምኖረው ይጁቤ ነው፣ ሥራዬ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መጠበቅ ነው። ቤቱን ያወረሰችኝ አክስቴ ናት፤ ግድግዳው ባሕር ዛፍና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት እርስ በርሱ ተሰፍቶ የተወጠረ። ቤቷ ጠባብ ናት፣ ግን በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔው ዘግቼ እኔው የምከፍተው በር ያገኘሁት በእሷ ነው፣ እና እወዳታለሁ። ችግሯ አይጥ ነበር። አይጥ ስላችሁ አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፣ ማታ ማታ ኮርኒሱ ላይ ሲሯሯጡ ፈረስ ጉግስ የሚጫወቱ ነው የሚመስለው፣ ቀን ደግሞ ወርደው የመጻሕፍቴን ጀርባ ለሙጫው ብለው ይበሉታል። ድመት አመጣሁ፣ ሳምንት ሳይሞላት ጎረቤት ለምዳ ቀረች። መርዝ አልወድም፤ የሰው ዶሮ ይፈጃል።

ታላቅ ወንድሜ አያ ሙላት ቁይ ነው የሚኖረው፣ አክስቴ ካረፈች ጀምሮ ሐሳቡ አንድ ብቻ ነው፣ ቤቱን ዘግቼ ከእሱ ግቢ እንድገባ። «ሴት ልጅ ብቻዋን ምን ትሠራለች? ነይ ከልጆቹ ጋር ኑሪ፣ መጽሐፍሽን ከጎተራው ጎን እናስቀምጥልሻለን» ይለኛል። ከጎተራው ጎን! ለአይጥ ምሳና እራት አብሮ ማቅረብ ማለት እኮ ነው። አንድ ጊዜ ግን ለገበያ መጥቶ እኔ ዘንድ ሲያድር፣ የከረጢቱ ስፌት ተተረተረና አንዲት ወፍራም አይጥ ደረቱ ላይ ዱብ አለችበት። ያን ዕለት እጄን ያዘኝ።

«ስሚ የኔታ» አለኝ፤ ሲያሾፍብኝ የኔታ ነው የሚለኝ፣ ማንበቤን ነው። «ለሐምሌ ሥላሴ እመጣለሁ። ያን ቀን አንዲት አይጥ ካየሁ ወይም ከሰማሁ ጓዝሽን አስጭኜ ይዤሽ ነው የምሄደው። ካላየሁ ካልሰማሁ ግን ይኼን ነገር ሁለተኛ አላነሣም።»

«ማል» አልኩት።

«ሥላሴን!»

እንግዲህ ያለኝ ጊዜ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ሰባት ነው። ቤቴን ከአይጥ ካላስጣልኩ ቤቴን አጣሁ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሥራዬ ውርደት ነበር፣ አልደብቃችሁም። ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚጋጠሙበት ቦታ ዙሪያውን ክፍት ነው፣ ብርዱም አይጡም የሚገባው በዚያ ነው፣ ስለዚህ ጭቃ አቡክቼ በአንድ ቀን መረግሁት። ከክምር የመዘዝኩት የጤፍ ጭድ በደንብ ያልተወቃ መሆኑን አላየሁም። የግንቦት ዝናብ ሲመታው ምርጊቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ፣ ጤፍ በቀለበት፣ አይጦቹም ፍሬውን ፍለጋ ሲቆፍሩ ከድሮው የሰፋ ቀዳዳ ከፈቱ። ጎረቤቴን እማማ ጥሩን ጠርቼ አሳየኋቸው። የይጁቤን ግማሽ ቤት የለሰኑት እሳቸው ናቸው፣ ዛሬ ጉልበታቸው ከዳቸው እንጂ። ወገባቸውን ይዘው ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ግድግዳ አይደለም ማሳ ነው የሠራሽው! ጤፍ ዘርተሽ አይጥ ትከለክያለሽ?»

«ምን ላድርግ እማማ?»

«ጭዱን አራግፊ፣ አንድ ፍሬ አይቅርበት። ጭቃውን በእግርሽ ርገጪ፣ ውሃ አጠጪው፣ እንደገና ርገጪ፣ ሦስት ቀን ይቡካ። እስኪሸትሽ ድረስ። ያልቦካ ጭቃ ይሰነጠቃል፣ የቦካ ግን እንደ ቆዳ ነው የሚይዝ።»

«ሁለት ቀን አይበቃም?»

«ሦስት አልኩ!»

ሦስት ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ሥራዬን እንደ ፈተና ያዝኩት። አንድ ቦታ እንዳነበብኩት እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ የአይጥ ግልገል ያሾልካል፣ ስለዚህ እርሳስ ይዤ ቤቱን ከውስጥም ከውጭም ዞርኩ፣ እርሳሱ በገባበት ሁሉ የዕቃ መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቀጠቅሁበት፣ ሽቦ ጥርሳቸውን ስለሚወጋቸው አይደፍሩትም። የኮርኒሱን ጠርዝ ፈትቼ፣ ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን ወንፊት ሽቦ ወጠርኩ፣ በላዩ የቦካ ጭቃ መረግሁ። ከዚያ ከቁይ ገበያ የበግ ፀጉር አስመጥቼ፣ አጥቤ አድርቄ፣ በኮርኒሱ ላይ የጣት ርዝማኔ ያህል ውፍረት አነጠፍኩት፣ ለብርዱ። እማማ ጥሩ «ቀዳዳውን ሳትዘጊ ፀጉሩን ብታነጥፊ አልጋ ዘረጋሽላቸው ማለት ነው» ብለው አስጠንቅቀውኝ ስለነበር፣ ቀዳዳው ሁሉ መዘጋቱን ደጋግሜ አይቼ ነው ኮርኒሱን በጆንያ መርፌ መልሼ የሰፋሁት። እንግዲህ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ በመካከሉ እንኳ አንድ ክንድ ከፍታ አይሞላም፣ ወደ ዳር ሲሄድ እየጠበበ ስንዝር ይሆናል፣ መግቢያም የለው መውጫም የለው። ይህን ያዙልኝ፣ እኔ ራሴ የለካሁት ነው።

ቤቱ ሞቀ። እመኑኝ፣ በሰኔ ይጁቤ ውስጥ ያለ ጋቢ ተቀምጬ አነበብኩ። ዝናቡም ከጎረቤት ጣሪያ ላይ የሚዘንብ እስኪመስል ድረስ ራቀ። አይጥ የሚባል ጠፋ፣ ኮቴም የለ፣ ጩኸትም የለ፣ ጠዋት ወለል ላይ የአይጥ በጠጥ የለ። ለራሴ «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኩት፣ ጮክ ብዬ።

ሐምሌ ሥላሴ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ቁጭ ብዬ ሳነብ አንድ ድምፅ መጣ። ጭብ፣ ጭብ። ትንሽ ቆይቶ፣ ጭብ፣ ጭብ። እርጥብ ነገር ላይ ቀስ ብሎ የሚያርፍ፣ ቀስ ብሎ የሚነሣ። አፈሰሰ አልኩ፣ ቆርቆሮ አይደለም እንዴ፣ ምስማሩ ላልቶ ይሆናል፣ ድምፁ ከሚመጣበት ሥር ሳፋ አኖርኩ። እስከ ማታ ሳፋው ደረቅ ነው። ከረጢቱን በእጄ ዳበስኩት፣ ደረቅ ነው። ውጭ ወጥቼ መሰላል አስደግፌ ቆርቆሮውን አየሁ፣ ምስማሩ እንዳለ ነው። በማግስቱም ጭብ ጭብ፣ በሦስተኛውም ቀን። አረማመዱ፣ ማለቴ ድምፁ፣ አይቸኩልም፣ ቆም ይላል፣ ይቀጥላል። በዚያ ላይ ቤቱ ኮምጠጥ ያለ ነገር ሸተተኝ፣ ቡሆዬ አልፎበት ነው ብዬ ዕቃውን አጠብኩ። በአራተኛው ቀን ድምፁ ቆመ፣ እኔም ረሳሁት፤ እንግዳዬ ሊመጣ ነዋ።

የሥላሴ ዕለት አያ ሙላት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋቢው በዝናብ ርሶ ከተፍ አለ።

«የኔታ! አለሽ? አልበሉሽም?»

«ከአንተ በቀር የሚበላኝ የለም፣ ግባ አያ።»

ገባ፣ ግን አልተቀመጠም። በዱላው ግድግዳውን መታ መታ አደረገ፣ አልጋ ሥር አየ፣ መጻሕፍቴን አንድ በአንድ እየገለበጠ ጀርባቸውን መረመረ፣ ጎንበስ ብሎ ወለሉን አሸተተ፣ ተቆጣጣሪ ነው እንጂ ወንድም አይመስልም። አንዲት በጠጥ አጣ። ፊቱ ላይ ቅሬታም ኩራትም አየሁበት።

«ብልኅ ነሽ እኮ» አለ፣ ሳይወድ። «እሺ፣ ምሳ አምጪ።»

ምሳ አቀረብኩ። ዝናቡ አባራ፣ በመስኮቱ ትንሽ ፀሐይ ገባ። ሁለተኛውን ጉርሻ ሲጠቀልል ነው የተሰማው።

ጠፍ። ጠፍ ጠፍ። ከዚያ ሸርርር የሚል።

እጁ አየር ላይ ቀረ። «ይኼ ምንድነው?»

«ዝናብ ነው።»

«አባርቶ የለ እንዴ!»

ጠፍ ጠፍ፣ ሸርርር። ዝም። ከዚያ ከቅድሙ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ጠፍ ጠፍ፣ ሸርርር። በግድግዳው ጠርዝ ይሄዳል፣ ከላይ፣ ከኮርኒሱ በላይ። አያ ሙላት ፊቱ በራ።

«አይጥ ነው! አይጥ ነው የኔታ፣ ጓዝሽን አንሺ!»

«አይጥ ጭቃ አይለስንም» አልኩት። እመኑኝ፣ አስቤ አልተናገርኩትም፣ አፌ ቀደመኝ። ከተናገርኩት በኋላ ግን ሁለታችንም ሰማነው፤ መዳፍ ጭቃ ሲያሳርፍ፣ ጣት ሲስብ፣ ቆም ብሎ ሌላ ጭቃ ሲያነሣ። ከልጅነታችን ጀምሮ እናታችን ቤት ስትለስን የሰማነው ድምፅ ነው፣ አይሳሳትም።

መሰላሉን አመጣሁ። «ተይው» አለ፣ ግን ያዘልኝ። ጭንቅላቴ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። የጠርዙን ስፌት በቢላ በጠስኩ። ከረጢቱን ዝቅ ሳደርግ ፀጉሩ ይወርዳል ብዬ ነበር፣ አልወረደም። ቢላዬ ጭቃ ነካ። እርጥብ ጭቃ። ኮርኒሱና ግድግዳው በሚጋጠሙበት፣ ከላይ በኩል፣ አራት ጣት ስፋት ያለው ጭቃ ዙሪያውን ተለስኖ ወደ እኔ ክፍል ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ዘግቶታል። እኔ በውጭና በጣሪያው መካከል ዘጋሁ፤ ይኼኛው በጣሪያውና በእኔ መካከል ዘጋ።

በቢላ ፈልፍዬ ሰሐን የሚያህል ቁራጭ አወረድኩ። የታችኛው ፊት የከረጢቱ ሸካራ ተትሞበታል። ገልብጬ አየሁት፣ የላይኛው ላይ አራት ጣቶች ጎን ለጎን የሳቡት ቅስት አለ፣ እኩል እኩል፣ ያማረ። በተከፈተው ቀዳዳ የስልኬን መብራት አስገብቼ አየሁ። ባዶ ነው። የበግ ፀጉሩ እኔ እንዳነጠፍኩት ነው፣ አንዲት ዘለላ አልተነካችም፣ የተረገጠበት የለ፣ የጭቃ ጠብታ የለ።

አያ ሙላት አማተበ፣ ሮጦ ወጣ። የሸሸ መስሎኝ ነበር፣ እማማ ጥሩን ይዞ መጣ። ቁራጩን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ገለባበጡ፣ አሸተቱ፣ በጥፍራቸው ጫፉን ሰበር አደረጉ።

«ማን ሠራልሽ?» አሉኝ።

«እርስዎ አይደሉማ?»

«እኔ መሰላል የምወጣበት ጉልበት የታል? ያንቺም እጅ አይደለም ልጄ፣ ያንቺ ይጎረብጣል።» እመኑኝ፣ በዚያ ሁሉ መሀል ይኼ አናደደኝ። «ይኼ የባለሙያ ነው። እንዲህ ጣት አርዝሞ የሚስብ ሰው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው ያየሁት። ሦስት ቀን የቦካ ጭቃ ነው፣ ሦስት ሙሉ ቀን።»

ያን ጊዜ ጭብ ጭቡ ትዝ አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ከራሴ በላይ ጭቃ ሲረገጥ መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። ስለ ድምፁ ነገርኳቸው። እማማ ጥሩ ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው አኖሩት፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«አንቺስ አይጥ እንዳይገባብሽ ዘጋሽ» አሉ። «ይኼስ ምን እንዳይገባበት ነው የዘጋው?»

ቤቱ ውስጥ ካንቺ በቀር ማን አለ እንደ ማለት ነው የተሰማኝ።

አያ ሙላት ጋቢውን አነሣ። «ተነሺ። መጽሐፉን በኋላ አስወስደዋለሁ፣ አሁን ተነሺና እንሂድ።»

«ውላችን ስለ ምን ነበር?» አልኩት።

«ምን?»

«በሥላሴ የማልክልኝ ስለ ምን ነበር? አይጥ አየህ?»

«አንቺ ሴትዮ!»

«አየህ?»

«አላየሁም።»

«ሰማህ?»

«የሰማሁት ሌላ ነው እንጂ...»

«ስለ ሌላ አልማልክም።»

«ከምን ጋር እንደምትኖሪ ሳታውቂ ልትኖሪ ነው?» ጮኸብኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ያኔ ነው ለእኔ መፍራቱን ያወቅሁት።

«ፊደል ሳልቆጥር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አባታችን ቤት ስኖር ከምን ጋር እንደምኖር የጠየቀኝ የለም» አልኩት። «ይኼን ቤት እንኳ በእጄ ለክቼዋለሁ። አልወጣም አያ።»

እማማ ጥሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቅም ማዘንም ያልሆነ ነገር አደረጉ። አያ ሙላት ከመሄዱ በፊት በፕላስቲክ ጠበል አምጥቶ በሩ አጠገብ አኖረልኝ። መሐላውን ግን ጠብቋል፣ እስከ ዛሬ ነይ ግቢዬ ግቢ ብሎኝ አያውቅም።

እኔም የፈለፈልኩትን መልሼ መረግሁ፣ ኮርኒሱን ሰፋሁ፣ መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ ተናገርኩት፤ ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም፣ ስለዚህ በእርስዎ ነው የተናገርኩ። «ይስሙ» አልኩ፣ «ከኮርኒሱ በላይ የእርስዎ ይሁን። ከኮርኒሱ በታች ግን የእኔ ነው፣ አንዲት ጣት አላሳልፍም።» ትንሽ ቆየና ከላይ መለሰልኝ። ጠፍ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ከሥር ከመረግሁበት ቦታ ትይዩ።

ይኸው ዓመት አለፈ። ስምምነት አድርገናል ብዬ ነበር፣ ድምፅም ሰምቼ አላውቅም፣ አይጥም አላየሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ መስኮቱን ብገፋው እምቢ አለኝ። የመስኮቱ ጠርዝ በጭቃ ተለስኗል። ከላይ ከግራ ጥግ ተጀምሮ፣ ከላይ እስከ ቀኝ፣ በቀኝ እስከ ግማሽ ወርዶ ቆሟል። አራት ጣት ስፋት፣ እኩል እኩል ቅስት፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ። እርጥብ ነው። ከውጭ አይደለም፣ ከውስጥ ነው፣ እኔ ከምቀመጥበት በኩል። በሩ ተቆልፎ ነው የዋለው፣ ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ኮርኒሱን ዙሪያውን በመብራት ፈተሽኩት፣ አንድ ስፌት አልተፈታም።

በቢላ ፋቅሁት፣ ፍርፋሪውን ሰብስቤ ውጭ ደፋሁት፣ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ወንበሬን ከሥሩ ስቤ፣ መጽሐፍ ገልጬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፣ ማን እንደሚሰማኝ አልጠየቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮቱን ዘግቼ አላውቅም። ቤቱ እንደ ድሮው ይበርዳል፣ ጋቢ ደርቤ ነው የምቀመጠው፣ ያ ሁሉ ፀጉርና ሽቦ ከንቱ ቀረ ብትሉኝ አልከራከርም።

ትናንት ወደ ማታ ላይ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ አንዲት አይጥ በዚያው መስኮት ገባች። አላባረርኳትም፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ፣ ቤቱ ገና መግቢያና መውጫ አለው ማለት ነዋ። ጠረጴዛው ላይ ከመጻሕፍቴ ጎን ቁጢጥ አለች፣ አፍንጫዋን አንቀሳቀሰች፣ ከዚያ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፣ ረጅም ጊዜ፣ እኔ ምንም ወዳልሰማሁበት ጥግ። ከዚያ ዞራ በመጣችበት ወጣች፣ ሮጣ አይደለም፣ ቀስ ብላ፣ ሰው ከለቅሶ ቤት እንደሚወጣ።

እኔ ገጹን ገለጥኩና ካቆምኩበት ቀጠልኩ።